የመሸበት እንግዳ

በደጋው አገራችን መንገደኛ ሲመሽበት አንድ ቃል ይበቃዋል። ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በገሳይ በኩል ወደ ነፋስ መውጫ የሚያዘግም ሰው ፀሐይ ስታዘቀዝቅበት አጠገቡ ወዳገኘው አጥር ጠጋ ይልና «ቤቶች! የመሸበት የእግዜር እንግዳ!» ይላል። ባለቤቱም ማን ነህ፣ የማን ልጅ ነህ ሳይል ውሻውን ከልክሎ ያስገባዋል። እግሩን ያጥበዋል፣ ያለውን ያቀርብለታል፣ መደቡ ላይ ቁርበት አንጥፎ ያሳድረዋል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ለጽድቅ ብቻ አይደለም። ሰውየው ደጅ ቢያድር ምን እንደሚያገኘው ስለሚያውቅ ነው። የጉና ብርድ አለ፤ ሌባም አይታጣም፤ ከሁሉ በፊት የሚታሰበው ግን ጅብ ነው። በማግስቱ ከመንገዱ ዳር የተበላ እንግዳ ቢገኝ ነውሩ የመንደሩ ሁሉ ነው።

እንግዲህ ለደጋ ሰው ምቾት ማለት ከአውሬ መራቅ ማለት ነበር። ግድግዳው የሚመረገው፣ በረቱ የሚታጠረው፣ በጉ ከሰው ጋር አንድ ጣራ ሥር የሚያድረው ለዚሁ ነው። ሀብታም የሚባለውም አጥሩ የጠበቀ፣ ውሻው የበረታ፣ ከብቱን ሳይቆጥር የሚተኛ ሰው ነው።

ዘመን ሲለወጥ ነገሩ ተገለበጠ። ዛሬ ሰው በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በአውሮፕላን በርሮ፣ ቀሪውን በላንድ ክሩዘር ተንገጫግጮ፣ አውሬ ወደሚውልበት ገደል ጫፍ ይመጣል። እዚያ «ሎጅ» የሚባል ቤት አለ። ሰፊ መስኮት፣ ሙቅ ውኃ፣ ነጭ አንሶላ፣ የእሳት ምድጃ፣ የወይን ጠጅ አለው። እንግዳው ጠዋት ቡናውን እየጠጣ የጭላዳ መንጋ ሣር ሲነጭ ያያል። ሌሊት ጅብ ሲጮህ ሚስቱን ቀስቅሶ «ሰማሽው?» ይላታል። የገሳይ ገበሬም ጅብ ሲጮህ ሚስቱን ይቀሰቅሳል፤ እሱ ግን «በጎቹ ሁሉ ገብተዋል?» ለማለት ነው። እንግዳው ለዚያች ሌሊት የሚከፍለው ገንዘብ የአንድ ጀማሪ መምህርን የወር ደመወዝ የሚያህልበት ጊዜ አለ።

«ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የሚሉት አባቶቻችን፣ ከጅብ ጎረቤት ልደር ብሎ ቁርበት የሚያስነጥፍ ሰው ይመጣል ብለው በሕልማቸውም አላሰቡም። ነገሩ ያስቃል። ግን ስቀን ብንተወው የሚያመልጠን ነገር አለ። ያ አልጋ ታሪክ አለው። አልጋው ከመዘርጋቱ በፊት በቦታው ማን ነበር? ማን ተነሣ? ማን አነሣው? እነዚህን ሳንጠይቅ የሎጁን ውበት ብቻ ብናደንቅ፣ ነገ ሎጅ በኛ ተራራ ላይ ሲመጣ የምንለው አናገኝም።

እስኪ ከሩቁ እንጀምር።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 በሊማሊሞ ዳገት አድርጎ ጎንደር ገባ። የጎንደርን ነገሥታትና መኳንንት ብዙ ጽፏል፤ የጎንደርን ጅቦችም አልረሳቸውም። እሱ እንደሚለው ከምሽት እስከ ንጋት ከተማው የእነሱ ነበር፤ በየመንገዱ የተጣለ ሥጋ ፍለጋ ይርመሰመሱበታል። አንድ ሌሊት ደግሞ ከጣና በስተ ደቡብ ባለው አገር ድንኳኑ ውስጥ ሳለ ኮሽታ ይሰማል። ቢመለከት ሁለት ትላልቅ ዐይኖች በጨለማው ውስጥ ያበራሉ። ጅብ ነው። የመጣው ግን ለሰውየው አልነበረም፤ ለሻማው ነበር። የሻማውን እስር በአፉ እንደያዘ ሊወጣ ሲል ብሩስ በጦር ወጋው፣ አሽከሩም በመጥረቢያ ጨረሰው። ብሩስ ከዛሬዎቹ የሎጅ እንግዶች ይልቅ አውሬን በቅርብ አይቷል ማለት ነው። ግን ደስ አላለውም፤ ለማየትም ገንዘብ አልከፈለም።

ከብሩስ ወደ 90 ዓመት ገደማ ቆይቶ ደግሞ ደብረ ታቦር ላይ ከአውሬ ጋር በፈቃዱ የሚውል ሰው ተገኘ። ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። የተገሩ አንበሶች እንደነበሯቸው የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1863 እሳቸው ዘንድ የመጣው የፈረንሣይ ቆንስል ጊዮም ለዣን የጉዞውን ነገር ሲጽፍ፣ ንጉሡ በአንበሶች ተከበው ሰው ሲያነጋግሩ የሚያሳይ ሥዕል አብሮ ታትሞ በአውሮፓ ስሙ ገነነ። ዛሬ ድረስ ስለ ቴዎድሮስ በሚጻፉ መጻሕፍት ላይ የምናየው ሥዕል ያ ነው። እዚያ ላይ አንበሳው የሚናገረው ስለ ንጉሡ ነው፤ «አንበሳ የሚፈራው ሰው እዚህ ተቀምጧል» ይላል። በባላባቱና በጭፍራውም ዘንድ ነገሩ ያው ነበር። አንበሳ የገደለ ጎፈር ይደፋል፣ ዝሆን የገደለ ይሸለማል፣ ይፎክራል፣ ይዘፈንለታል። አውሬ የሚከበረው ሲሞት ነበር ማለት ይቻላል። ሕያው አውሬ በራሱ ዋጋ አልነበረውም።

ሕያውን አውሬ ባለ ስም ያደረገው ሌላ ዓይነት እንግዳ ነው። የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፕል በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በስሜን በኩል አድርጎ ጎንደር መጣ። ያገኘውን አራዊት እየገደለ፣ ቆዳውንና አጥንቱን እየሰበሰበ ወደ ፍራንክፈርት ወሰደ። ዋልያን፣ ጭላዳን፣ ቀይ ቀበሮን ለአውሮፓ ሳይንስ ያስተዋወቀው እሱ ነው። ልብ ብላችሁ ከሆነ ሳይንሳዊ ስማቸው ከኛው አፍ የተወሰደ ነው፦ የዋልያው «ዋሊ»፣ የጭላዳው «ጌላዳ»፣ የቀይ ቀበሮው ደግሞ «የስሜን» የሚል ትርጉም ያለው «ሲሜንሲስ»። ስሙን የሰጠው የስሜን ገበሬ ነው፤ መዝገቡ ላይ የሰፈረው ግን የሩፕል ስም ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዋልያ የስሜን ብቻ መሆኑ ቀረ። «የዓለም ሀብት» የሚባለው ነገር ሩቅ መነሻው እዚህ ላይ ነው። ነገሩ ክፉ አይደለም። የዓለም ሀብት ሲባል ግን ጎረቤቱ ባለቤትነቱን እንዴት እንደሚያጣ ቀጥለን እናያለን።

አውሬ መሀል የሚያድረው የቅንጦት አልጋ የተፈለሰፈው በኛ አገር አይደለም፤ በጎረቤት በቅኝ ግዛት በተያዘችው ኬንያ ነው። «ሳፋሪ» የስዋሂሊ ቃል ነው፤ መነሻው ዐረብኛ ሲሆን ጉዞ ማለት ነው። ፈረንጆቹ ሲወስዱት የአደን ጉዞ አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ1909 ቴዎዶር ሩዝቬልት ከአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት በወረደ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መጥቶ ያካሄደው አደን ነገሩን በዓለም አስወራው። በ1932 ደግሞ በአበርዴር ጫካ ውስጥ «ትሪቶፕስ» የተባለ ማረፊያ ዛፍ ላይ ተሠራ። እንግዳው ዛፉ ላይ ወጥቶ፣ ሻዩን ይዞ፣ ከታች ውኃ ሊጠጡ የሚመጡትን ዝሆንና አውራሪስ እያየ ያድራል። በየካቲት 1952 የእንግሊዝ ልዕልት ኤልሳቤጥ እዚያ እንዳደረች አባቷ ንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ ሳንድሪንግሃም ሞቱ፤ ዙፋኑ ለእሷ ሆነ። ቤቱ በአንድ ሌሊት በዓለም ታወቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1954፣ የማው ማው ተዋጊዎች አቃጠሉት። መሬታችን ተወሰደብን ብለው የሚዋጉት ኪኩዩዎች ያንን የዛፍ ቤት የሚያዩበት ዓይንና እንግዶቹ የሚያዩበት ዓይን አንድ ሊሆን አይችልም ነበር።

በኋላ ጠመንጃው በካሜራ ተተካ፤ አሳቡ ግን ብዙም አልተለወጠም። እንግዳው ከፍሎ የሚገዛው አውሬውን ብቻ ሳይሆን የሰውን አለመኖርም ጭምር ነው። ፎቶው ውስጥ ዋልያ ይግባ፣ ጅብራ ይግባ፣ ጭጋግ ይግባ፤ የገብስ ነዶ የተሸከመች ሴት ግን አትግባ። «ያልተነካ ተፈጥሮ» የሚባለው ይህ ነው። አልነካውም የተባለው ገበሬ ግን ለብዙ መቶ ዓመታት ሲያርሰውና ሲግጠው የኖረ ቦታ ሊሆን ይችላል።

በኛም አገር ነገሩ የገባው በዚሁ ልክ ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የቱሪዝምን ሥራ ከባዶ ተነሥተው ሲያቋቁሙ፣ «የ13 ወር ፀጋ» የሚለውን መፈክር ሲያወጡ፣ አክሱምን፣ ላሊበላን፣ ጎንደርንና የጣናን ገዳማት በአንድ መስመር አያይዘው ለዓለም ሲያስተዋውቁ፣ አንድ የጎደለ ነገር ነበር። ኬንያ አውሬ አላት፤ እኛስ? እ.ኤ.አ. በ1963 የዩኔስኮ የመጀመሪያው ዋና ዳይሬክተር የነበረው ጁልያን ሃክስሊ የሚገኝበት የባለሙያዎች ቡድን መጥቶ ፓርኮች እንዲከለሉ መከረ። በአደን ላይ ደንብ ማውጣት ከዐፄ ምኒልክ የንግሥና ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ነበር፤ በ1944 (እ.ኤ.አ.) የወጣ አዋጅም ነበር። አሁን ግን የመጣው ሌላ ነገር ነው። እስከ ዛሬ «ይህን አውሬ አትግደል» ነበር የሚባለው፤ አሁን «ከዚህ ቦታ ተነሣ» ሊባል ነው።

በ1969 (እ.ኤ.አ.) አዋሽና ስሜን ብሔራዊ ፓርክ ተብለው በነጋሪት ጋዜጣ ወጡ። አዋሽ ላይ በበጋ ከብቶቻቸውን ወደ ወንዙ ያወርዱ የነበሩት ከረዩዎች ገሚሱን ግጦሻቸውን ለሸንኮራ አገዳ፣ ገሚሱን ለፓርክ ለቀቁ። በፓርኩ ውስጥ፣ በአዋሽ ገደል አፋፍ ላይ፣ ለእንግዳ ማደሪያ የሚሆኑ ተጎታች ቤቶች ተደረደሩ። የማረፊያው ስም ምን ቢባል ጥሩ ነው? «ከረዩ ሎጅ»። ሰውየው ከብቱን ይዞ ይውጣ፤ ስሙ ግን ቦርድ ላይ ይቅር!

የስሜኑ ታሪክ ረዥም ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአራዊት ባለሙያው ሌስሊ ብራውን ስሜንን ሲያጠና በዓለም ላይ የቀረው ዋልያ ከ150 እስከ 200 ቢሆን ነው ብሎ ነበር። በዓለም ላይ! ይህ ትንሽ አሳሳቢ አይደለም። ጠመንጃ በዝቷል፤ እርሻውም ከደጋው ወደ ገደሉ አፋፍ ተጠግቷል። ስለዚህ ፓርኩ ያስፈልጋል ያሉት ሰዎች ከሜዳ ተነሥተው አልነበረም። ችግሩ በፓርኩ ክልል ውስጥ ገበሬ መኖሩ ነው። ገብሱ፣ በጉ፣ መቃብሩ፣ መስጊዱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ እዚያው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1978 ስሜን ከላሊበላ ጋር አብሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፈረ። መዝገቡ ያን ዓመት ሲከፈት ከሰፈሩት 12 ቅርሶች ሁለቱ የኛ ነበሩ። ደስታው ትልቅ ነበር። በዚያው ሰሞን ግን የደርግ መንግሥት ከፓርኩ ሰሜናዊ ገደል ሥር ይኖሩ የነበሩ ከ1000 በላይ ሰዎችን በግድ አስነሣ። ውሎ አድሮ ጦርነቱ ስሜን ገባ፤ የፓርኩ ጠባቂዎች ሥራውን ጥለው ለመውጣት ተገደዱ። በጉልበት የተነሣ ሕዝብ ጉልበተኛው ሲዳከም ይመለሳል፤ የተመለሰውም ለዋልያው ፍቅር ይዞ አልነበረም። በ1996 ዩኔስኮ ስሜንን «በአደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች» ከሚለው ዝርዝር ውስጥ አገባው። ከዝርዝሩ ለመውጣት ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱ በፓርኩ ውስጥ የሚኖረውን ሰው ቁጥር መቀነስ ነበር።

የቅንጦት አልጋው የመጣው በዚህ መሀል ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ቡይት ራስ በተባለው ቦታ፣ ከ3200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ስሜን ሎጅ ተከፈተ፤ በአፍሪካ ከፍተኛው ሆቴል ተብሎ ተነገረለት። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ደባርቅ አቅራቢያ ሊማሊሞ ሎጅ ሥራ ጀመረ። ሊማሊሞ የሚመሰገንበት ነገር አለው፤ ግድግዳው ከአካባቢው አፈር ተጠቅጥቆ የተሠራ ነው፣ ከመሥራቾቹ መካከልም እዚያው በአስጎብኚነት ያደጉ የአገር ልጆች ይገኙበታል።

በዚያው በ2008 ዓ.ም. በፓርኩ እምብርት ላይ የነበረችው የግጭ መንደር ተነሣች። 418 አባወራዎች ካሳ ተከፍሏቸው ወደ ደባርቅ ከተማ ወረዱ። ግጮች ገብስ ዘሪዎችና በግ አርቢዎች ነበሩ፤ ለቱሪስቱም በቅሎ የሚያከራዩ፣ ጓዝ የሚጭኑ እነሱ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ2017 (እ.ኤ.አ.)፣ ዩኔስኮ ስሜንን ከአደጋ ዝርዝሩ አወጣው። ጭብጨባ ሆነ። ደባርቅ ላይ ግን ትናንት ከ3000 ሜትር በላይ ላይ ገብስ ያጭድ የነበረ አባወራ እህል ሸማች ሆኖ አዲስ ኑሮ ጀመረ።

ፈረንሣዊው የታሪክ ጸሐፊ ጊዮም ብላን ይህንኑ የስሜንን ጉዳይ ይዞ እ.ኤ.አ. በ2020 አንድ መጽሐፍ አሳትሟል። የሚለው በአጭሩ እንዲህ ነው። ፈረንሣይ ውስጥ ሴቬን በተባለው ተራራማ አገር በግ የሚጠብቀውን ገበሬ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 ቅርስ ብሎ መዘገበው፤ እሱ ከሌለ መልክዐ ምድሩም አይኖርም አለ። ስሜን ላይ ያው በግ የሚጠብቅ ገበሬ ግን የቅርሱ ጠላት ተባለ። በአንድ ድርጅት ሁለት ሚዛን! ይህን ስናነብ ደማችን ይፈላል፤ መፍላቱም ትክክል ነው።

ነገር ግን ጎበዝ፣ ደም ሲፈላ ሒሳብ ይሳሳታልና ረጋ እንበል። ሌላውም ወገን እውነት አለው። ከ150 እስከ 200 ብቻ የነበረው ዋልያ በጥበቃው የተነሣ ከጊዜ በኋላ ከ800 በላይ ደርሶ ነበር። ይህ በወሬ የመጣ ቁጥር አይደለም፤ በብርድ ውስጥ ጠመንጃ ይዘው ያደሩ፣ አንዳንዶቹም ሕይወታቸውን የከፈሉ ስካውቶች ድካም ነው። ስሜን ቁልቁለት ላይ ያለ እርሻ አፈሩን ለጎርፍ መስጠቱም ገበሬው ራሱ የሚያውቀው ነገር ነው። ስለዚህ «ፓርክ የፈረንጅ ተንኮል ነው» ብሎ መዝጋት ቀላል ነው እንጂ እውነት አይደለም።

እውነቱን ያወጣው ከዚያ በኋላ የመጣው ክፉ ዘመን ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣና ቱሪስቱ ቀረ። በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ተነሣና እስከ ደባርቅ አቅራቢያ ደረሰ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ጦርነቱ በስምምነት ቆመ ሲባል፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ የተሰማው የዋልያ ቆጠራ ወደ 300 አካባቢ ወርዷል። ከ800 በላይ የነበረው! የስድሳ ዓመት ድካም በጥቂት ዓመታት ተናደ። እንግዳው ሲቀር ገንዘቡ ቀረ፤ ገንዘቡ ሲቀር ጥበቃው ላላ። ዋልያውን ሊያድን የሚችለው አጠገቡ የቀረው ሰው ብቻ ነበር። ያ ሰው ደግሞ ለሃምሳ ዓመት «አንተ አያገባህም» ሲባል የኖረ ነው።

ይህን ስንል በአገራችን ሌላ መንገድ አልነበረም ማለት አይደለም። ነበር፤ ያውም የራሳችን። ሰሜን ሸዋ መንዝ ውስጥ ጓሳ የሚባል ከ3200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሜዳ አለ። የመንዝ ሰዎች ይህን ሜዳ ለ400 ዓመት ገደማ ቄሮ በሚሉት ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። ሜዳው የአስቦና የጌራ ወገኖች የጋራ ርስት ነው። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለዝናብ መከላከያው ገሳ ይሆናል። ስለዚህ በመረጧቸው አለቆች አማካይነት ለሦስትም ለአምስትም ዓመት ይዘጉታል፤ ሲደርስ ይከፍቱታል። በዝጉ ጊዜ ገብቶ ያጨደ ይቀጣል። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው የተረፉት ሰው ስለሌለ አይደለም፤ ሰው ስላለና ሰውየው ደንብ ስላለው ነው። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ሲታወጅ ርስቱ ፈረሰ፣ ቄሮውም አብሮ ተዳከመ። በኋላ ግን ሕዝቡ በኮሚቴ መልክ አነሣው፤ ክልሉም በሕግ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ብሎ አወቀው። ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰቡ ሎጅ አለ። እንደ ስሜኑ የቅንጦት አይደለም። ግን እንግዳው ሲያድር የሚያሳድረው የሜዳው ባለቤት ነው።

አሁን ወደ ገሳይ እንመለስ። ከገሳይ ቀና ብሎ የሚያይ ሰው የሚያየው ጉናን ነው። ከ4000 ሜትር በላይ ነው። ርብና ጉማራ ከእሱ ወርደው ጣና ይገባሉ፤ የፎገራ ሩዝ የሚጠጣው የጉናን ውኃ ነው ብንል አላጋነንም። አናቱ ላይ ጅብራ አለ፣ አስታ አለ፣ የጓሳ ሣር አለ። በአንድ ወቅት ቀይ ቀበሮም ነበረው። ጥቂት ነበሩ፤ ፍልፈልና አይጥ እያደኑ የሚኖሩ፣ ሰውን የማይነኩ። የገብስና የድንች እርሻው ሽቅብ ሲወጣ፣ መንጋው ሲበዛ፣ ከመንጋው ጋር የሚሄደው ውሻ በሽታ ይዞ ሲወጣ መኖሪያቸው እያነሰ ሄደ። ዛሬ ባለሙያዎች የቀይ ቀበሮን መገኛዎች ሲዘረዝሩ ስሜን፣ ባሌ፣ አርሲ፣ የወሎ ተራሮችና መንዝ ይላሉ፤ ጉናን የሚያነሱት «ጠፍቶባቸዋል» በሚሉት ተራሮች መካከል ነው። የጠፋው በማው ማው ዘመን አይደለም። በኛው ዕድሜ ነው። ማንም ሰው አልተነሣም፣ ማንም ሎጅ አልሠራም፣ ማንም አላጨበጨበም፣ ማንም አላለቀሰም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ተራራው የጦር ሜዳ ሆነ፤ ከአናቱ የተሰማው የመድፍ ድምፅ ነበር።

ይህ ሦስተኛው መንገድ ነው፤ የዝምታ መንገድ። ስሜን ላይ ሰውን አስነሥተን አውሬውን ለጊዜው አዳንን። መንዝ ላይ ሰውም አውሬም በደንብ ኖሩ። ጉና ላይ ደግሞ ሰውም ምንም ሳያገኝ አውሬውም ጠፋ። የጉና ገበሬ ቀይ ቀበሮውን በማጥፋቱ አልከበረም፤ ዛሬም መሬቱ ጠባብ፣ አፈሩ የሳሳ፣ ልጁ ሥራ ፈላጊ ነው። ስሜን ላይ የተሠራውን በደል ስናወግዝ ጉና ላይ የተፈጸመውን ቸልታ «ቢያንስ ሕዝቡ አልተነካም» ብለን ልንጽናናበት አንችልም።

ጉናም በክልሉ መንግሥት የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተከልሏል። ሰላም ሲመጣ፣ ይምጣልንና፣ አንድ ቀን አንድ ባለ ሀብት ካርታ ይዞ ገሳይ መውረዱ አይቀርም። «ከአናቱ ጣና ይታያል፣ አየሩ ንጹሕ ነው፣ ሎጅ እንሥራ» ይላል። ያኔ ገበሬው መቃወምም ማጨብጨብም አያስፈልገውም፤ መጠየቅ ነው የሚያስፈልገው። መሬቱ በማን ስም ነው የሚመዘገበው? የግጦሹ ጊዜ የሚዘጋውና የሚከፈተው በማን ቃል ነው? ሜዳው ሲዘጋ በጎቹ የት ይውላሉ? ከአንድ ሌሊት ክፍያ ስንቱ ለትምህርት ቤቱ፣ ስንቱ ለውኃው ይቀራል? ቱሪስቱ ሁለት ዓመት ቢቀር ጥበቃው የሚቆመው በማን ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ዋናው ነው፤ ስሜን ላይ ያልተመለሰው እሱ ነውና።

እነዚህ ጥያቄዎች መልሳቸው በወረቀት እስኪሰፍር ድረስ የሎጁ መሠረት ባይጣል ይሻላል። ከተመለሱ ግን ይጣል። ሙቅ ውኃውም ይሁን፣ ሰፊው መስኮትም ይሁን፤ ማንም በምቾት አይቀናም። የጉና ጅብ ለፈረንጁ ቢጮህለት ምን ገዶን? ገበሬው በማግስቱ ጠዋት «በጎቹ ሁሉ ገብተዋል?» ብሎ ሲጠይቅ አዎ የሚለው ሰው ይኑር እንጂ።